ሁለት ቅሬ ያለው ሰው

ጥቅምት 4

ዛሬ ሸዋ ሮቢት ገባሁ። ይህን የሚጽፈው ሷሊሕ ነው፣ በገዛ እጁ። ድሮ ቢሆን ሰው ለምኜ አስጽፍ ነበር፤ አሁን ግን ከአሊዩ አምባ የማታ ትምህርት አንደኛ ሆኜ የጨረስኩ ሰው ነኝ። እርግጥ በፈተናው ማታ የቀሩት ተማሪዎች ማሽላቸውን ከከርከሮ ሊጠብቁ ወርደው ነበር። ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው። መምህርት ብርቱካን፣ “እጅ እንደ በቅሎ ነው፣ ካልሠራ ይለግማል፤ በየጊዜው ጻፉ፤ የማያውቅ ሰው እንዲገባው አድርጋችሁ ጻፉ” ብለውናል። ይኸው እየጻፍኩ ነው።

ሥራዬ የማሾ መጋዘን ነው። ጋሽ አሰፋ የሚባሉ ነጋዴ የጫኝና አውራጆች አለቃ አድርገው ቀጥረውኛል። ከጫኚዎቹ መሀል ጆንያ ላይ የባለቤቱን ስም መጻፍ የሚችል የለማ። እኔ ትከሻም አለኝ፣ ፊደልም አለኝ። አላህ ሁለቱን ባንድ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ አይሰጥም።

ሙሚና አሊዩ አምባ እናቷ ዘንድ ቀርታለች። ቤት ሳገኝ ትመጣለች። ሆዷ ገፍቷል፤ ሳይከብዳት መምጣት አለባት። ስንለያይ ያለችኝ አንድ ነገር ነው። “ቤቱን ተወው፣ ሰዉን እይ።” እሺ አልኩ። ሰው የሌለበት ቤት ደግሞ የት አለ?

ጥቅምት 6

ሙቀት። ጫንን፣ አወረድን። ማሾ ላይ ነው የማድረው፣ መጋዘኑ ውስጥ። ሱልጣን እንኳ በዚህ ሁሉ ማሾ ላይ አልተኛም። ቤት ነገ እፈልጋለሁ።

ጥቅምት 9

ቤት አገኘሁ። ምን ቤት፣ ቪላ በለው። ከአስፋልቱ በላይ እትዬ ከበቡሽ የሚባሉ እናት ግቢ ውስጥ። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ኮርኒስ፣ ውኃው እግቢው ውስጥ። ቆጣሪው የብቻዬ ነው። ጋሽ አሰፋም፣ “ለሥራ ይቀርብሃል፣ ያዘው” አሉኝ። እትዬ ከበቡሽ እስከ ወር መጨረሻ ለሌላ እንዳይሰጡት ቃል ገቡልኝ። ቤት ፍለጋ ከባድ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። መፈለግ ስለማያውቁበት ነው።

ጥቅምት 10

ማታ ለሙሚና ደወልኩ። ኮርኒሱን ነገርኳት፣ ሲሚንቶውን ነገርኳት፣ ቧንቧውን ሁለት ጊዜ ነገርኳት። እሷ ግን፣ “ጎረቤትህ ማነው?” አለች።

“ጨዋ ሰዎች ናቸው” አልኳት። “አንድ ቀን እንኳ ድምፃቸውን ሰምቼ አላውቅም።”

ከዚያ ኔትወርኩ ተበላሸ። ሃሎ ሃሎ ብል ዝም። ትንፋሽ ግን ይሰማል። የዚህ አገር ኔትወርክ ትንፋሽ ያሳልፋል፣ ቃል አያሳልፍም።

ጥቅምት 12

ዛሬ ሆን ብዬ ከሥራ በኋላ እዚያ ግቢ ሄድኩ፣ ጎረቤት ለማየት። አንዱ በር ተዘግቷል። ሌላውም ተዘግቷል። አንድ ሹፌር ነገር ወጣና “አሰላሙ አለይኩም” ስለው በጆሮው ስልክ ይዞ በአገጩ መለሰልኝ። በአገጭ ሰላምታ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ከተማ መኖር ትምህርት ነው። እትዬ ከበቡሽን ስለ ተከራዮቹ ብጠይቃቸው፣ “ጥሩዎች ናቸው ልጄ፣ ስማቸውን ግን አልያዝኩትም፤ ዛሬ ገብተው ነገ ይወጣሉ” አሉኝ።

ሰው የሌለበት ቤት የት አለ ብዬ ነበር። አለ ለካ።

ጥቅምት 14

ከጫኚዎቼ አንዱ ፈይሰል ይባላል፤ የዚሁ አገር ልጅ ነው፣ ምላሱ ከትከሻው ይበረታል። ነገሩን ብነግረው፣ “አንተ ሰውዬ፣ ቅሬ ሳትይዝ ቤት ትይዛለህ?” አለኝ። እውነቱን ነው። አሊዩ አምባ ስንኖር ቅሬ እንደ ጥላ ስለሚከተለን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ቅሬ ማለት፣ ለማያውቅ፣ ሰፈሩ የሚቀባበርበት፣ የሚጠያየቅበት ማኅበር ነው። ክርስቲያኖቹ እድር የሚሉት ነው።

ስለዚህ ፈይሰል ወደ ላይኛው ሰፈር፣ ከመስጊዱ ጀርባ ወዳለው ዳገት ወሰደኝ። ድንጋዩ ይፋጃል፤ ውኃ በአህያ ነው የሚወጣው። ሰዉ ግን ደጅ ላይ ነው የሚኖረው፤ ዳገቱን ስንወጣ ስንቱን ሰላም እንዳልኩ ምላሴ ደረቀ። የቅሬው ዳኛ ጋሽ አብዱልፈታህ ናቸው፤ ጢማቸው ሒና የተቀባ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ።

“ቤት ሞልቷል” አሉኝ። “ሰውዬው ማነው? ነገሩ እሱ ነው።”

እኔም ማንነቴን ነገርኳቸው። ትንሽ አስፍቼ። በአሊዩ አምባ እኔ ሳልደርስ መቃብር አይቆፈርም አልኳቸው።

“ታዲያ አንተ ትተሃቸው ስትመጣ መሞት አቆሙ?” አሉኝ።

ደጅ የተቀመጠው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ እንዲያውም ከነሱ በላይ ሳቅኩ። ጋሽ አብዱልፈታህ በመጨረሻ፣ “ሰው የሚታወቀው ቀብር ላይ ነው። እናይሃለን” ብለው ሸኙኝ። ያዩኛል። ዶማ ስይዝ ገና አላዩኝም።

ጥቅምት 17

ከአስር ሶላት በፊት በመጋዘኑ ደጅ “ቀብር! ቀብር!” እያለ የሚጣራ ሰው አለፈ። ቀኔ ደረሰ አልኩ። ጋሽ አሰፋን አስፈቅጄ የመጋዘኑን ዶማ ይዤ ከሰዉ ጋር ሮጥኩ። መቃብሩ ስደርስ ከሰው እጅ እየነጠቅኩ ቆፈርኩ። ላቤ አፈሩን አረጠበው።

አንድ ሰውዬ፣ “በቃ፣ በቃ ወንድሜ፣ ይህን ያህል አይረዝምም” አለኝ።

ጀናዛውን በቃሬዛ አልነበረም ያመጡት። አንድ ሰው ታቅፎት መጣ።

ዛሬ ሌላ አልጽፍም።

ጥቅምት 18

ትናንት ደክሞኝ ነው። ቀኑን ሙሉ ስጭን ስለዋልኩ።

አሁን የደረሰብኝን በደንብ ልጻፍ፤ ያስቃልና። ቀብሩ አልቆ ዱዓ ከተደረገ በኋላ አንድ ሽማግሌ እጄን ያዙኝ። ጋሼ አሊዪ ይባላሉ፤ ቀጫጭን፣ ዓይናቸው የሚስቅ። ቤቴን ጠየቁኝ፤ ገና ነኝ አልኳቸው።

“የማን ቅሬ ነህ?” አሉኝ።

“የእናንተ ልሆን ነው የመጣሁት” አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ የዳገቱ ሰዎች እንዲሰሙኝ ጮክ ብዬ።

“ሰማችሁ?” አሉ ወደ ሰዉ ዞረው። “ከእኛ ጋር አፈር ነክቷል። ከዛሬ ጀምሮ የኛ ነው።” ሰዉ ሁሉ አሚን አለ። ለኔ ለብቻዬ ሌላ ዱዓ ተደረገ፤ ለትዳሬ፣ ለሥራዬ፣ ለጤናዬ። እኔም ልቤ ሞልቶ አሚን አልኩ። ከዚያ ሰዉ ተበተነ። ወደ ዳገቱ የሚወጣ ሰው ፈለግሁ። አንድም የለም። ሁሉም ወደ ወንዙ ወረደ።

መቃብሩ ለካ የሁሉም ሰፈር ነው። የቀበርኩት ከወንዝ ዳር ቅሬ ጋር ነው።

ፈይሰል ይህን ሲሰማ ጆንያ ላይ ተንከባለለ። “የሰው ሠርግ ገብቶ ሙሽራ የሆነ” እያለ ለጫኚው ሁሉ አወራ። እኔም እያሳመርኩ ጨመርኩለት፤ ቀልድ በሰው አፍ ከሚበላሽ በራስ አፍ ይሻላል።

ለለቅሶ ቤቱ መድረስ ነበረብኝ። ሥራ በዛብኝ። ነገ።

ጥቅምት 19

የወንዝ ዳር ሰዎች አልተዉኝም። ጋሼ አሊዪ ራሳቸው መጋዘን መጥተው ሰፈራቸውን አሳዩኝ። ማንጎ፣ ሙዝ፣ ጥላ። አመሻሽ ላይ ነፋሱ ደስ ይላል። ቤቶቹ ግን ጭቃ ናቸው፣ ትንኙም አንድ ላይ ዘፍኖ ነው የሚመጣው። እኔ ትንኝ አልፈራም፤ ትንኝ እኔን ትፍራ። ስመለስ ገበያ ገብቼ ሁለት አጎበር ገዛሁ። ሻጩ፣ “ለአንድ ሰው ሁለት ምን ያደርጋል?” አለኝ። ዝም ብለህ ስጠኝ አልኩት።

ሰፈሩን ስንዞር በለቅሶ ቤቱ ደጅ አልፈን ነበር። ጋሼ አሊዪ በዓይናቸው ጠየቁኝ። ሥራ ጥዬ ነው የመጣሁት፣ ሌላ ቀን አልኳቸው። የልጁ እናት ሳሊሃ ትባላለች አሉኝ። ስሟን አልጠየቅኋቸውም ነበር።

ጥቅምት 20

ወሬ ዳገት ይወጣል። ጋሽ አብዱልፈታህ አስጠሩኝ። ይቆጣሉ ብዬ ሦስት ቀልድ አዘጋጅቼ ሄድኩ፤ አንዱንም አላወጣሁትም። በርጩማ ሰጥተው አስቀመጡኝና እንዲህ አሉኝ።

“ሁለት ቅሬ ያለው ሰው አይተህ ታውቃለህ? እኔ አይቻለሁ። ቀኑ ሲመጣበት የታቾቹ ‘የላዮቹ አሉለት’ አሉ። የላዮቹ ‘የታቾቹ አሉለት’ አሉ። ከሬሳው ጋር የዋለችው ሚስቱ ብቻ ናት። አንዱን ምረጥና ንገረኝ። ያልመረጥከኝ ብሆን አልቀየምህም። ሳትመርጥ ብትቀር ነው የምቀየምህ።”

እሺ ብዬ ወጣሁ። ዳገቱን ስወርድ ማንንም ሰላም አላልኩም መሰለኝ።

ጥቅምት 22

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ማሾው ይቆረቁራል።

ነገሩን በሥርዓት እናስበው፣ አንደኛ የወጣ ሰው እንደሚያስበው። የእትዬ ከበቡሽ ቤት አለ፤ ኮርኒስ አለው፣ ሰው የለውም። ዳገቱ አለ፤ ሰው አለው፣ ውኃ የለውም፣ ሙሚና ጀሪካን ይዛ ያንን ዳገት እንዴት ትወጣዋለች በዚህ ሆዷ። ወንዝ ዳር አለ፤ ሰውም ጥላም አለው፣ ትንኝ አለው።

ድሮ ሥራ ብለን ወደ በረሃ ወርደን ነበር፣ እኔና ሙሚና፣ ጥጥ እርሻ። የሠራተኛ ሰፈር ነው፤ ሁሉም እንግዳ፣ ሁሉም በሩን ዘግቶ የሚያድር። ቤቱ ጥሩ ነበር፣ ቆርቆሮው አዲስ። ልጁ ገና ፈገግ ማለት እንደጀመረ ነበር። ዶማውን የተዋስኩት ከዘበኛው ነው። ዘበኛው ሥራ ላይ ስለሆነ ሊመጣ አልቻለም። እኔ ስቆፍር ሙሚና ታቅፋው ቆማ ነበር፤ የሚቀበላት ሰው ስላልነበረ። “ቁጭ በይ” አልኳት። “መሬቱ ይፋጃል” አለችኝ። ሌላ የተናገርነው የለም።

ያ አሁን ምን አመጣው? ዛሬ የምጽፈው ስለ ሰፈር ምርጫ ነው።

ጥቅምት 24

ሙሚና ደወለች። እኔ ሳልደውል። የሁለቱን ቅሬ ነገር እንደ ቀልድ አወራኋት፤ ሙሽራውንም፣ ዱዓውንም። ሳቀች፤ ሳቋን ከሰማሁ ቆይቻለሁ። ከዚያ፣ “የማን ቀብር ነበር?” አለች።

“የሰው” አልኳት።

እሷም፣ “እሑድ እመጣለሁ። ለመኖር አይደለም፣ ለማየት” አለች። መንገዱ ይጎዳሻል፣ እኔ አለሁ፣ መርጬ እነግርሻለሁ አልኳት። “አውቃለሁ፣ አንተ አለህ” ብላ ዘጋችው። ይህ ምስጋና መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም።

ጥቅምት 26፣ እሑድ

ረጅም ቀን ነበር። ሳልረሳው ልጻፈው።

ከሚኒባስ ስትወርድ ፊቷ አብጧል፣ እግሯም። መጀመሪያ እትዬ ከበቡሽ ጋ ወሰድኳት። ኮርኒሱን አሳየኋት፣ መብራቱን አበራሁ፣ አጠፋሁ፣ ቧንቧውን ከፈትኩ። እሷ የቤቱ ደፍ ላይ ተቀምጣ የግቢውን በሮች ታያለች። አንዱ ተከፈተ፤ አንዲት ሴትዮ ውኃ ደፍታ ተመልሳ ዘጋች። ሙሚና እትዬ ከበቡሽን፣ “ቤትዎ ያማረ ነው፣ አላህ ያክብርልዎ” ብላ አመሰገነች። እትዬ ከበቡሽም አዋቂ ናቸው፤ “ለሌላ ልስጠው እንግዲህ” አሉ፣ ሳይቀየሙ።

ዳገቱን ቀስ እያልን ወጣን። ሦስት ቦታ አረፈች። ሴቶቹ ጥሩ ተቀበሏት፤ አንዷ እግሯን ሳይቀር አሸችላት። እዚህ ነው አልኩ በልቤ። ስንወርድ ግን ቆመችና፣

“ያ የቆፈርክለት ቤት የትኛው ነው?” አለች።

“ወንዝ ዳር ነው።”

“ለቅሶ ደርሰሃል?”

“ሥራ…” ብዬ ጀመርኩ።

“ሷሊሕ፣ የሰው ልጅ ቀብረህ ለእናቱ ሳትደርስ ቀረህ?”

ልጅ መሆኑን አልነገርኳትም ነበር። በምን አወቀች? አሁን ሳስበው፣ “የሰው” ስላት ነው ያወቀችው። እኔ ሳወራ እንዲህ ያለ አጭር መልስ ሰጥቼ አላውቅም።

ወረድን። ሳሊሃ ቤት ሴቶቹ ተቀምጠዋል፤ ስንት ቀን ሆኖት እንኳ አልተነሱም። ሙሚና ገባች። እኔ ከወንዶቹ ጋር ማንጎው ሥር ተቀመጥኩ። የጭቃ ግድግዳ ነው፣ ሁሉ ነገር ይሰማል።

“የማን ነሽ እህቴ?” አለች ሳሊሃ።

“የዚያ የመጋዘኑ ሰውዬ ሚስት።”

“ያ ዶማ ሲነጥቅ የነበረው?”

“እሱ ነው።” ከዚያ ሙሚና፣ “እኛም አንድ ቀብረናል” አለች። እሷ ይህን ቃል አውጥታ ስትናገር የሰማሁት ዛሬ ነው። ለኔም ብላኝ አታውቅም።

“ማን ነበር አብሯችሁ?”

“እሱና እኔ።”

ከዚያ ሳሊሃ፣ “እንደ ራሱ ልጅ ነው የቆፈረው ብለውኝ ነበር። እንግዳ ሰው ምን ነካው ብዬ ነበር” አለች። ሁለቱም ማልቀስ ጀመሩ፤ ሴቶቹም ተከተሉ።

ጋሼ አሊዪ በድንገት ስለ ማንጎ በሽታ ጮክ ብለው ማውራት ጀመሩ። ቅጠሉ እንዴት ነጭ እንደሚሆን፣ መድኃኒቱ እንዴት እንደማይሠራ። ለኔ ብቻ ነበር የሚያወሩት፣ ዓይናቸውን ከኔ ላይ አንስተው። እኔም ስለ ማንጎ ብዙ ጠየቅሁ። አንዱንም መልስ አላስታውሰውም።

ሙሚና ስትወጣ ፊቷ ታጥቧል።

“ቤቱስ የት ነው?” አለችኝ።

“የትኛው ቤት?”

“እዚህ ያለው።”

“እዚህ እኮ ቤት አልፈለግኩም!”

“ፈልግ እንግዲህ።”

ትንኙን ነገርኳት። ዘንድሮ ወባው ብርቱ ነው አልኳት። ትንኝ የትም አለ፣ ጤና ጣቢያው ደግሞ ከዚህ ይቀርባል፣ ሴቶቹ ነግረውኛል አለችኝ። አጎበር ግዛ ስትለኝ ሁለት አለኝ አልኳት። መቼ ገዛህ? ከመምጣትሽ በፊት። ቆም ብላ አየችኝና እየሳቀች ሚኒባሱ ላይ ወጣች። እኔ የሳቀችበት አልገባኝም።

ጥቅምት 28

ጋሽ አብዱልፈታህ ጋ ሄጄ መረጥኩ አልኳቸው።

“ማን መረጠ?”

“እኔ።” ዝም ብለው አዩኝ። “እኔና ሚስቴ።” አሁንም ዝም። “ሚስቴ።”

“እንግዲያስ ደህና ተመርጧል” አሉኝ። ውኃ አጠጥተው ሸኙኝ።

ኅዳር 3

ገባን። ቤቱ የጋሼ አሊዪ ወንድም የነበረ ነው፤ አንድ ክፍል፣ አንድ በር፣ መስኮቱ ራሱን መዝጋት የማይችል። ጣሪያውን እኔ ጠገንኩ። እንዲህ የተጠገነ ጣሪያ በይፋት ምድር የለም፤ ዝናብ እስኪመጣ ድረስ ይህን የሚያስተባብል አይኖርም። አጎበር ሰቀልኩ፣ ሁለቱንም፣ አንዱን በአንዱ ላይ። ሙሚና በዚህ ውስጥ እንኳን ትንኝ አየርም አይገባም አለችኝ።

የራሴ ቤት ውስጥ ግን መቀመጫ የለኝም። ጠዋት ሴት፣ ከሰዓት ሴት። አንዷ ገንፎ ታመጣለች፣ አንዷ የሙሚናን ሆድ አይታ ወንድ ነው ትላለች፣ ሌላዋ ሴት ናት ብላ ትከራከራለች። ሳሊሃ ብዙ አታወራም። መጥታ ሙሚና አጠገብ ትቀመጣለች፣ ሽንኩርት ይልጣሉ። ይህን የምጽፈው ደጅ ድንጋይ ላይ ሆኜ ነው። ትንኙ በላኝ።

ኅዳር 8

መጋዘኑ ሞልቷል። አዲስ አበባ የሚሄድ ጭነት። ደከመኝ። ሙሚና ትናንት ሌሊት ደህና ተኛች። እኔ ግን ነቅቼ ትንፋሽዋን ስሰማ ነበር። ሞኝነት ነው።

ኅዳር 15

በችኮላ። ገና ማለዳ ነው።

ትናንት ማታ ወንዙ ዳር አንድ ሰው ሞቶ ተገኘ። ለሽንኩርት ለቀማ የመጣ የቀን ሠራተኛ ነው፣ ዛፍ ሥር ያድር የነበረ። ስሙን የሚያውቅ ጠፋ። ሙስሊም መሆኑን ኪሱ ውስጥ የተገኘው መቁጠሪያ፣ ሙስበሃው፣ ተናገረለት። ደጅ ወንዶቹ ተሰብስበው ሲከራከሩ በእንቅልፌ ሰማሁ። የኛ ቅሬ አይደለም፣ መዋጮ የለው፣ ዋስ የለው፣ ለመንግሥት እንንገር ይላል አንዱ። የላዮቹን እንጠይቅ ይላል ሌላው። እኔ ገና ምን ልበል እያልኩ ሙሚና ነጠላዋን ለበሰች። በዚያ ሆዷ በሩ ላይ ቆማ፣

“የማንም ካልሆነ የኛ ነው” አለች። ከዚያ ለሬሳ ማጠቢያ ውኃ የሚያሞቁትን ሴቶች በየስማቸው ጠራች። እዚህ ከገባች አሥራ አምስት ቀን እንኳ ያልሞላት ሰው፣ አንድ ስም አልሳተችም።

ክርክሩ ቆመ። ጋሼ አሊዪ ወደ ቤቴ ዞረው፣ “የሙሚና ባል! ዶማህን ይዘህ ውጣ!” ብለው ተጣሩ።

ስሜ ሷሊሕ ነው። ከማታ ትምህርት አንደኛ የወጣሁ፣ የጫኝና አውራጅ አለቃ ነኝ። ይህን ሁሉ በመስኮቱ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር።

“አቤት፣ መጣሁ” አልኩ።

እዚህ ላይ ላቁም። ሙሚና ቀድማኝ ወጥታለች።